ለመርዶ ነጋሪዋ መርዶ

በዚያ ዘመን ሥራዬ መዞር ነበር። የኤርፖርት ፓርኪንግ ሻትል እነዳለሁ። ከፓርኪንጉ መንገደኛ ጭኜ ተርሚናሎቹን እዞራለሁ፣ አራግፌ ሌላ ጭኜ እመለሳለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ነድቼ የትም አልደርስም። ጓደኞቼ «መቀመጫዋን እሾህ ለሚወጋት ላንቺ ዓይነት ሴት የተፈጠረ ሥራ ነው» ይሉኝ ነበር። ውሸታቸውን ነው፤ ጭራሽ ብሶብኝ ነበር። ቤት ገብቼም ከክፍል ክፍል እዞራለሁ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የእድራችን ሊቀመንበር ደወሉልኝ። ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን በታክሲ ነጂነት ጨርሰው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሎስ አንጀለስን ሐበሻ ሠርግና ለቅሶ በስልክ የሚመሩ ሰው ናቸው።

«የት ነሽ?»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ድራይቭ እያደረግሽ ነው?»

«አዎ።»

«ኦኬ፣ ሶ... እስቲ ጥግ ያዢና ፓርክ አድርጊ።»

ክው አልኩ። ሐበሻ ሽማግሌ ደውሎ መኪናሽን አቁሚ ካለ ነገሩ ያው ነው። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ጥግ ይዤ የአደጋ መብራቱን አበራሁ። ከኋላ የተሳፈሩት ፈረንጆች በረራ ሊያመልጠን ነው እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ።

«ያንቺ አይደለም፣ አይዞሽ» አሉ ጋሼ ቶሎ ብለው። «የእትዬ ወንድም ዐርፈዋል። ልጃቸው ዛሬ ደውላ ነገረችኝ። እሑድ ማለዳ እናረዳቸዋለን። እስከዚያ አደራ፣ ስልካቸውን ጠብቂ። ፊትሽንም ጠብቂ።»

እትዬ አከራዬ ናቸው። ሚድ ዊልሻየር ካለችው ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማቸው አንዷን ክፍል አከራይተውኝ አብረን እንኖር ነበር። ልጅ አልወለዱም፣ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የቀራቸው የሥጋ ዘመድ ይኸው ታላቅ ወንድማቸውና የወንድማቸው ልጅ ብቻ ነበሩ። በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት፣ እዚያ ሲመሽ፣ እትዬ ለወንድማቸው ይደውላሉ። ስለዚህ መርዶው ከስልኩ መቅደም ነበረበት። ከእሑድ በፊት እንዳይደረግ ደግሞ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። አንዱ ፓርኪንግ ይሠራል፣ አንዷ ሬስቶራንት፣ ሌላው ታክሲ ላይ ያድራል። እዚህ አገር ሐዘን እንኳ ሰው ኦፍ የሚሆንበትን ቀን ይጠብቃል።

እትዬ የቴሌቪዥን ተዋናይት ነበሩ። ቴሌቪዥን አገራችን በገባ ሰሞን፣ ሳጥኑ በትልልቅ ሆቴሎች፣ በአንዳንድ ቡና ቤቶችና በባለጸጎች ሳሎን ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ ማታ ማታ ድራማ ይሠሩ ነበር። ድራማው በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። ክፍሉ ጠባብ፣ መብራቱ የሚለበልብ፣ ፊታቸው ላይ የተለቀለቀው ዱቄት በላብ እየቀለጠ አንገታቸው ውስጥ የሚገባ። ቃል ቢጠፋ ማቆም የለም፣ አገር እያየ ነው። «ማስነጠስ እንኳ ካሜራው ወደ ሌላው ሰው እስኪዞር ጠብቀን ነው» ይሉኝ ነበር። አንዴ መድረክ ላይ አብሯቸው ያለው ወጣት ንግግሩ ድርግም ብሎበት ሲቀር፣ የእሱንም የራሳቸውንም ቃል እየተናገሩ፣ እየተቆጡና እየመለሱ፣ ትርኢቱን ብቻቸውን ጨርሰውታል። በማግስቱ አለቃቸው የደመወዝ ጭማሪ ይጠይቃሉ ብሎ ፈርቶ ቢሮው ሳይገባ ዋለ እያሉ ይስቃሉ።

የታወቁት በክፉ እንጀራ እናትነት ነው። ያን ክፋት እንዴት ቢጫወቱት እንደሆነ እንጃ፣ ሰው አምርሮ ጠላቸው። ገበያ ወጥተው አንዲት ባለ ሽንኩርት «ላንቺ አልሸጥም፣ ልጅቷን ምን አደረገችኝ ብለሽ ነው በብርድ በረንዳ ላይ ያሳደርሻት?» ብላ መለሰቻቸው። እትዬ ይህን ሲያወሩ ደረታቸው ይነፋል። «ተዋናይ መሆኔን የነገረችኝ ያቺ ሴትዮ ናት» ይላሉ። ሽልማት የሚባል ነገር አያውቁም፤ የተከለከሉት ሽንኩርት ሽልማታቸው ነው።

ከዚያ ሁሉ ሥራ ታዲያ አንዲት ደቂቃ አልተቀረጸችም። በቀጥታ ወጣ፣ በቀጥታ ጠፋ። የቀረ ነገር ቢኖር ጠርዙ የተበላ አንድ ፎቶ ነው። እሱም ላይ ቢሆን ከካሜራው ጀርባ ቆመው ዳቦ እየበሉ ነው የሚታዩት። አብሬያቸው ዓመታት ስኖር፣ ታላቅ ተዋናይት ናቸው ሲባል ስሰማ፣ አንድም ቀን ሲጫወቱ አይቻቸው አላውቅም። እንደማንኛውም ጡረተኛ የቤት ኪራይ የሚያማርሩ፣ ኩፖን የሚቆርጡ ሴት ነበሩ ለእኔ።

አብዮቱ ሲመጣ ትርኢቱ ሁሉ በመፈክር ማለቅ ጀመረ። እጄን ማንሳት ሰለቸኝ ብለው ለቀቁ፣ ቢሮ ገብተው ታይፕ መቱ፣ ቆይተው ለዘመድ ጥየቃ እዚህ መጡና ቀሩ። እንግዲህ የመጡት የፊልም ከተማ ነው። አንድ ሰው አፍሪካውያን ሴቶች ይፈለጋሉ ብሎ ይዟቸው ሄደ። እንስራ አናታቸው ላይ አድርገው «በይ በአፍሪካ ቋንቋ አልቅሺ» አሏቸው። «ማነው የሞተው?» ብለው ጠየቁ። የሚያውቅ አልነበረም። «ማን እንደሞተ ሳይነግሩኝ ምን ብዬ ላልቅስ?» አሉና እንስራውን አስቀምጠው በአውቶቡስ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ቲኬት ቆረጡ።

ትወናቸው ግን ሥራ አልፈታም። የሎስ አንጀለስ ሐበሻ መርዶ ነጋሪ እሳቸው ናቸው። እዚህ ማርዳት ከባድ ነው። አገር ቤት ቢሆን ሰው ማልዶ ተሰብስቦ በአንድነት በር ያንኳኳል። እዚህ አንዱ ከቫን ናይስ ሲመጣ ፍሪዌይ ይዘጋበታል፣ ሌላው ሰፈሩን ሲዞር ማቆሚያ ያጣል። ቀድሞ የደረሰው ሰው ታዲያ ከሐዘንተኛው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ የቀሩት መኪናቸውን እስኪያቆሙ ማውራት አለበት። ይህን የሚችል ጥቂት ነው፤ ብዙው ሰው በሩ ሲከፈት እንባው ይቀድመዋል። እትዬ ግን ገብተው ይቀመጣሉ፣ የሰሞኑን ሙቀት ያማሉ፣ የቀረበላቸውን ሻይ ይጠጣሉ። ቤቱ ሲሞላ የሐዘንተኛውን እጅ አንጓው ላይ ይይዙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይናገራሉ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ይጠራቸዋል። ሰው በሞተ ቁጥር ጋሼ ከሁሉ በፊት የሚደውሉት ለእሳቸው ነው።

ነገሩን ያበላሸው ይኸው ልማድ ነው። ጋሼ ከእኔ ጋር እንደጨረሱ ለእሑድ ሰው መጥራት ይጀምራሉ። ጣታቸው የለመደውን ቁጥር ይመታል። «እትዬ፣ እሑድ ማለዳ መርዶ አለ፣ እንዳይቀሩ» ይላሉ። ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ከማን ጋር እንደሚያወሩ የገባቸው።

ይህን የነገሩኝ ፓርኪንጉ ደርሼ መኪናዬን ሳቆም፣ መልሰው ደውለው ነው። ድምፃቸው እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አንሶ ነበር።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አልኩ።

«የማን መርዶ ነው አሉኛ።»

«እርስዎ ምን አሉ?»

«...ያንቺ ነው አልኩ።»

«የኔ ምን?»

«እናትሽ። ይቅር በይኝ ልጄ፣ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።»

«እናቴን ገደሏት? ሌላ ሰው ጠፋ?»

«ሌላ ሰው ብላቸው አድራሻ ይጠይቁኛል፣ ሄደው ያጣራሉ፣ ሁሉን ያውቁት የለ? ያንቺ ከሆነ ግን ቤቱ አንድ ነው። ሰው እዚያው ቢመጣ አይጠረጥሩም። ሳስበው እንዲያውም...»

«እንዳይጨርሱት ጋሼ!» ብዬ ዘጋሁባቸው። ወዲያው ደግሞ ለእናቴ ደወልኩ። እዚያ ገና አልነጋም ነበር።

«ምነው በዚህ ሰዓት? ምን ሆነሻል?» አለችኝ በእንቅልፍ ድምፅ።

«ምንም፣ ድምፅሽን ልስማ ብዬ።»

«ማን ሞቶ ነው?» አለች እናቴ፣ ቁጭ ብላ መሰለኝ።

«ኧረ ማንም!» ብዬ ዋሸሁ። እኔ ደግሞ ውሸት አይሆንልኝም፤ ጆሮዬ ድረስ እቀላለሁ። ስልክ ሆነና ተረፍኩ።

ያን ቀን ሥራ ከወጣሁ በኋላ ቤት መግባት ፈራሁ። ዌስት አዳምስ ድረስ ወርጄ ተመለስኩ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበትን የፌርፋክስን መንገድ ወደ ላይ ወጥቼ ወደ ታች ወረድኩ፣ ቤንዚን ሳያስፈልገኝ ቤንዚን ቀዳሁ። ቀን ሙሉ መዞር ሳያንሰኝ ማታም ዞርኩ። አሁን እንግዲህ እኔ የእሳቸውን ሐዘን ደብቄ፣ እሳቸው የእኔን ደብቀው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እሑድን መጠበቅ ነው። የእኔው የውሸት ሐዘን ነው፤ የእሳቸው ግን እውነት ነው።

በሩን ስከፍት ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው የተለመደውን የቴሌቪዥን ፕሮግራማቸውን ያያሉ።

«መጣሽ? ትራፊኩ ዛሬም ያው ነው?»

«ያው ነው።»

«እነዚህ ሰዎች መንገዱን ቆፍረው ቆፍረው ምን ሊያገኙ ነው?» አሉና ወደ ቴሌቪዥናቸው ዞሩ።

ቆሜ አየኋቸው። የአንዲት ልጅ እናት ሞታለች ተብለዋል፤ ልጅቷ ፊታቸው ቆማለች። ከንፈራቸው ላይ፣ ዓይናቸው ላይ፣ ሪሞቱን በያዘው እጃቸው ላይ ፈለግሁ፣ አንዳች ነገር የለም። ከወትሮው ደግ እንኳ አልሆኑም፤ ጫማዬን ምንጣፉ ላይ በማውለቄ ተቆጡኝ። የገባኝ ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ስቀመጥ ነው። እትዬ እየተጫወቱ ነበር። የጠፋው ሥራቸው፣ ማንም ያልቀረጸው፣ ይኸው ለእኔ ብቻ እየታየ ነው። እውነቱን ለመናገር ኮራሁባቸው። እንዲህ ያለ ሰው ለፓርኪንግ ቲኬት ሲቆርጥ መኖሩም አናደደኝ።

እኔ ደግሞ ፊቴ አልታዘዝ አለኝ። ራት ላይ ብርጭቆ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። እትዬ ሳይቆጡ ጠረጉት። ጠዋት ጋሼ ደውለው «ልጅቷ ልቧ ነግሯታል መሰለኝ፣ ዕረፍት የላትም አሉኝ እኮ እትዬ ስላንቺ!» ብለው አሳቁኝ። ሳቄ ግን ወዲያው ወደ እንባ ሄደ።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ ሳሎን ውስጥ የነበረው የመስታወት ጠረጴዛ የለም።

«የት ሄደ?»

«አቧራ እየያዘ አስቸገረኝ። ለጎረቤት ሰጠሁት።»

ሐዘንተኛ ሲነገረው ራሱን መሬት ላይ ይጥላልና መርዶ የሚነገርበት ቤት ውስጥ መስታወት አይቀመጥም። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ሹል ጠርዝ ያለውን የመጽሐፍ መደርደሪያም ወደ ጓዳ አስገብተውታል። ወንበር ከታችኛው ፎቅ ተውሰዋል፣ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ደብቀዋል። ከአጠገባችን ያለውን ሕንፃ ጠባቂ አነጋግረው ለእሑድ የመኪና ማቆሚያ ማስፈቀዳቸውንም ከጋሼ ሰማሁ። ፓርኪንግ የእሳቸው ሞያ ነው። የገዛ ቤታቸውን ለገዛ ሐዘናቸው ሲያዘጋጁ እያየሁ ምን ልበል? ሽሮ ሠርተው አቀረቡልኝ። አልበላም ስል «ብዪ፣ ባዶ ሆድ ለምንም አይሆንም» አሉኝና እስክጨርስ አጠገቤ ተቀመጡ። እኔም በበኩሌ «እርስዎም ይብሉ» እያልኩ እጎተጉታለሁ። ሁለታችንም ሌላኛችን ከእሑድ በኋላ እህል እንደማትቀምስ እያሰብን ተጎራረስን።

ቅዳሜ እኔ ኦፍ ነበርኩ። «ተነሽ፣ ፌርፋክስ ወስጄሽ ምሳ ልጋብዝሽ» አሉኝ። እትዬ ሬስቶራንት ሰው አይጋብዙም፤ ቤት እያለ ምግብ ይገዛል ወይ የሚሉ ሰው ናቸው። ተውኩት፣ ሄድን። ገና በሩን አልፈን ስንገባ ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉም ሰምቷል። ቲቪ ሥር የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ጨዋታቸውን አቋረጡ፣ አስተናጋጇ ትሪ እንደያዘች ቀረች። እትዬ ወዲያው ክንዴን ያዙኝና በዓይናቸው ሰዉን ሁሉ ገሠጹ፤ ልጅቷን አታፍጥጡባት ማለታቸው ነው። እኔን የሚያየኝ ግን አልነበረም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እትዬን ባዩ ቁጥር «ይቺ ክፉ እንጀራ እናት መጣች፣ ልጆቻችሁን ደብቁ!» ብለው የሚቀልዱ ናቸው። ያን ቀን ብድግ አሉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። ዓይናቸው ቀልቷል። አሁን አለቀ አልኩ። እትዬ ግን ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ እኔ እንዳልሰማ መስሏቸው፣ «ምነው? ሰው ፊት እንዲህ ይሆናል? እንደወትሮው ይሁኑ እንጂ!» አሏቸው። ሽማግሌው ዋጥ አደረጉና «ይቺ ክፉ...» ብለው ጀመሩ። መጨረስ አልቻሉም። እትዬ ራሳቸው ሳቁላቸው፣ ጮክ ብለው፣ ቀልዱ እንዳለቀ ሁሉ። ክትፎ አዘዙልኝ። እየጎረስኩ አንዱንም አላጣጣምኩም።

ስንመለስ «ቤት አንግባ፣ ዝም ብለሽ ንጂ» አሉኝ። ለእኔ አዝነው ነው፤ ጭንቀቴን መንዳት የሚያስታግሰው መስሏቸዋል። ወደ ደቡብ ነዳሁ፣ ከፍሪዌዩ በታች ወደ ዌስት አዳምስ፣ በእነዚያ አሮጌ ቤቶች መሀል። ስለ እናቴ ጠየቁኝ። እንዴት ያለች ሴት ናት፣ ምን ያስቃታል፣ ትቆጣለች ወይ። ልጅ እናቷ መሞቷን ሳታውቅ ስለ እናቷ ደስ ብሏት እንድታወራ፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ ብለው ነው። እኔም አወራሁ። እናቴ አውቶቡስ ውስጥ ከማታውቀው ሰው ጋር ተጣልታ እስከ መውረጃው ታርቃ፣ ሰውየውን ለምሳ ይዛው እንደምትመጣ ነገርኳቸው። እየሳቁ መስኮቱን ወደ ታች አወረዱ።

«የኔም ወንድም እንደዚያ ቁጡ ነው» አሉ።

መሪውን ጨበጥኩ።

«አሳድጎኛል፣ ታውቂያለሽ። እናት አባታችን በልጅነቴ ነው የሞቱት። ቴሌቪዥን ላይ መውጣቴን ሲሰማ ግን ስሜን ጠርቶ አያውቅም፣ ለዓመታት። ሰው ፊት ቆማ ፊቷን የምትለዋወጥ እህት የለኝም አለ። እኔም ተውኩት። አሁን ሸምግሎ፣ ባለፈው ዓመት በስልክ፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ድራማው ባለበት ማታ ሁሉ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። እንዳይታይ፣ ውስጥ ሳይገባ፣ ዝናብ እየመታው።» ሳቁ። «ሌላው ሰው አየሁሽ ይለኛል፣ ያላልኩትን አልሽ ይለኛል። እሱ ግን ቃሌን በቃሉ ይዞታል። በየእሑዱ ይልልኛል፣ እኔ የረሳሁትን። ልጅቷን ከቤት ሳስወጣት የምለው አንድ ነገር አለ፣ ከሰሞኑ ጠፍቶብኛል። ነገ እጠይቀዋለሁ።»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መኪናውን ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አቆምኩ። ልንገራቸው፣ እዚሁ ልንገራቸው፣ ነገን ተስፋ እያደረጉ አይደሩ አልኩ በልቤ። ከጎናቸው ግን ማን አለ? እኔ ብቻ። መርዶ በመኪና ውስጥ ለብቻው የተነገረው አንድ ሰው ምን እንደሆነ እትዬ ሲያወሩ፣ እንዴት ባለ ቁጣ እንደሚያወሩ አውቃለሁ። «ሰው የሚይዘው ሰው ሳይኖር አይገፋም» ነበር ያሉት ያኔ። አልነገርኳቸውም። ንዴቴ በጋሼ ላይ ይሁን በሞቱት ላይ ይሁን በእኔው ላይ መለየት አቃተኝ።

እሳቸው ደግሞ ሲያዩኝ ነገሩን በሌላ ተረጎሙት፤ ልቤ የእናቴን ሞት የነገረኝ መስሏቸዋል። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው «አይዞሽ» አሉኝ። ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቁኝ።

እሑድ ማለዳ ቀስቅሰውኝ ነው የተነሳሁት። ለብሰዋል፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ነጠላቸው ተጣጥፎ ክንዳቸው ላይ። «ፊትሽን ታጠቢ፣ ልጄ» አሉ። ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ አስበሉኝ። ከመስኮቱ በታች መኪኖች ቀስ እያሉ ሲዞሩ ይሰማል። ከዚያ የኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ የብዙ ሰው እግር። በሩ ተንኳኳ።

ጋሼ ቀድመው ገቡ፣ ከዚያ የደብሩ ካህን፣ ሽማግሌዎቹ፣ የሬስቶራንቱ ሴቶች፣ ከቫን ናይስ የመጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እትዬ ሶፋው ላይ አስቀመጡኝ፣ አጠገቤ ተቀመጡ፣ አንጓዬን ያዙ። እጃቸው ሞቃት ነበር። ሁሉም የተሰበሰበው ለእሳቸው ነው፣ ግን አንድ ነገር ማንም አላሰበም። ማን ይናገራል? በዚህ ከተማ ከእሳቸው ሌላ በወጉ አርድቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ጋሼ ቆመው ጫማቸውን አዩ። ካህኑ ጋሼን አዩ። ቤቱ ሙሉ ሰው ጸጥ ብሎ የሚጠብቀው እንደ ልማዱ እሳቸውን ሆነ።

እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ጀመሩ።

«ልጄ» አሉኝ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። «ሰው ሆኖ የማይሰማው ነገር የለም። እኔም ሰምቻለሁ፣ ይኸው የመጡትም ሁሉ ሰምተዋል። ብቻሽን አይደለሽም...»

ሐዘንተኛው ሲነገረው እንዳይወድቅ ከኋላው የሚቆሙ ሁለት ጠንካራ ሴቶች ሁልጊዜ አሉ። እነዚያ ሴቶች በዚህ መሀል ከሶፋው ጀርባ ዞረው መጡ። ከእኔ ኋላ አልቆሙም። እትዬ ትከሻቸው ላይ እጅ ሲያርፍ ንግግራቸውን አቋረጡ። ዞር ብለው አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ። ሰው የት እንደቆመ ማየት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሥራቸው ነው። ቀና ብለው ሰዉን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ የሁሉም ዓይን እሳቸው ላይ ነበር።

«የኔ ነው?» አሉ ጋሼን።

ጋሼ አለቀሱ።

አንጓዬን የያዘው እጅ አልላላም፣ ባሰበት። ወደ እኔ ዞሩ።

«እናትሽስ?»

«አለች፣ እትዬ። ደህና ናት።»

«አለች?»

«ትናንት አነጋግሬያታለሁ። አለች።»

«ተመስገን» አሉ። ፊታቸው ላይ የመጣውን ደስታ አይቼዋለሁ፣ ትወና አልነበረም። ጉንጬን ዳበሱኝ። ከዚያ እጄን ለቀቁ፣ ክንዳቸው ላይ የነበረውን ነጠላ ዘርግተው አዘቀዘቁት፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«በሉ፣ አሁን የኔን ንገሩኝ» አሉ።